ያልተቋረጠው መስመር

ምንዋጋው ሲገኝ በግንባሩ ተደፍቶ፣ አንገቱ ላይ ሰማያዊ የኔትወርክ ገመድ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞበት ነበር። ገመዱ ሥጋው ውስጥ ሰጥሞ ስለነበር ሐኪሙ በመቀስ ጫፍ ፈልቅቆ ነው ያወጣው። ከዚያ በፊት ማጅራቱን በብረት ተመትቷል፤ ደሙ እስከ በሩ ደፍ ወርዷል። ይህ ሁሉ የሆነው በ1999 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ ሰቆጣ ውስጥ፣ በአንድ የአምቡላንስ ጥሪ ማዕከል ግቢ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። የማዕከሉን ኮምፒውተሮችና ስልኮች የሚያገናኘው ስዊች የተቀመጠበት ክፍል ከዋናው ሕንፃ ተነጥሎ ለብቻው ይቆማል፤ ሟቹ የተገኘውም እዚያ ነው። የጋዝጊብላ ገበሬ ልጅ ነበር፤ አዲስ አበባ ተምሮ ፕሮግራም ጽፎ የሚያድር፣ ገና ሃያ ሰባት ዓመቱ።

ኢንስፔክተር ይመኙሻል ከአምደወርቅ ተጠርታ ስትደርስ፣ ሁለት ፖሊሶች ጓንጉል የሚባለውን የግቢውን ጥበቃ አስረው «ገዳዩን ይዘናል» ብለው ተቀበሏት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት ይህ ነው። የጓንጉል ግራ ክንድ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል። የሰበረው የሟች ታላቅ ወንድም ምሳው ነው፤ በዱላ፣ በእነዚሁ ፖሊሶች ፊት። ከበሩ ማዶ አራት የአጎቱ ልጆች ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል።

«የዚህ ሰው አጎት አጎቴን ገድሎ ሳይታረቅ ነው የሞተው» አለ ምሳው። «አሁን ደግሞ ወንድሜን። እጁ ላይ ያለውን ደም አላዩም?»

«አይቻለሁ። አንተ የሰበርከውን ክንድም አይቻለሁ፤ እሱ ራሱን የቻለ ክስ ነው።»

«ይክሰሱኝ። ነገ በስድስት ሰዓት ቀብር ነው። ከቀብር መልስ ይህ ሰው በሕይወት ካለ እኔ የእናቴ ልጅ አይደለሁም።»

የሚምል ሰው ሞልቷል። እንዲህ ድምፁን ሳያነሳ የሚምል ግን የማለውን እንደሚያደርግ ይመኙሻል ታውቃለች፤ ያላት ሁለት ፖሊስ ነው። ከነገ ስድስት ሰዓት በፊት ገዳዩን ካላገኘች ጓንጉል ይሞታል።

ጓንጉል የተሰበረውን ክንዱን በሌላው እጁ ደግፎ ያቃስታል።

«ወድቆ ሳየው ገመዱን ላላላለት ብዬ ጣቶቼን ከተትኩ» አላት። «አልላላ አለኝ፣ እመቤቴ። ደሙ የዚያ ነው።»

«ግቢው ውስጥ ሌላ ማን ነበር?»

«ሠራተኛው በሙሉ ከተማ አዳራሽ ስብሰባ ሄዷል። እኔ፣ ፅዮን፣ ካሳና የአምቡላንሱ ሹፌር ብቻ ነበርን። ማርያምን!»

ፅዮን የድረሱልኝ ጥሪ የምትቀበለው ልጅ ናት። ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ዘጠኝ ተኩል መጋዘን ውስጥ ከሹፌሩ ጋር ኦክስጅን ስታስጭን ነበር፤ ሹፌሩም አብረን ነበርን ይላል። ወንበሯ ላይ የተካት ካሳ ነው።

«ምንዋጋው ምን ነበር የሚሠራው?» አለች ይመኙሻል።

«ከስዊቹ ወደዚህ ሕንፃ ሁለት ገመድ ይመጣል» አለች ፅዮን። «ሁለቱም ባንዴ ከተከፈቱ መልእክቱ ክብ እየሠራ ይዞርና መስመሩን ያንቀዋል። ስለዚህ ስዊቹ አንዱን ዘግቶ በአንዱ ያሳልፋል። የትኛው መንገድ ክፍት፣ የትኛው ዝግ እንደሆነ የሚወስነውን ካርታ ዛፍ ይሉታል። የኛ ስዊች ለሁሉም አንድ ዛፍ ብቻ ነበረው። ገመድ ሲነቀል አዲስ መንገድ እስኪያገኝ ድረስ ቢሮዎቹም እኔም አንድ ደቂቃ ያህል ቀጥ እንላለን።»

«እሱስ ምን ሊያደርግ ነበር?»

«ስዊቹን የሚያዘውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ ብዙ ዛፍ እንዲችል አድርጎ እየጻፈው ነበር። ለቢሮዎቹ አንድ ዛፍ በአንደኛው ገመድ፣ ለአምቡላንስ ጥሪ ሌላ ዛፍ በሁለተኛው። የአንዱ ቢነቀል ሌላው እንዳይነካ። በታኅሣሥ አንዲት ወላድ ደም እየፈሰሳት ሲደውሉልን መስመሩ ሩብ ሰዓት ሙሉ ጠፋ። ሞተች። ካሳ መብራት ነው ብሎ ሪፖርት ጻፈ፤ ምንዋጋው ግን አላመነም።»

ካሳ የማዕከሉ ቴክኒሺያን ነው፤ ለሟቹም የአክስቱ ልጅ። እናቱ በወሊድ ስለሞተች የምንዋጋው እናት ወለተሥላሴ ሁለቱን ሕፃናት አንድ ላይ አጥብታ ነው ያሳደገቻቸው። ኢንስፔክተሯ እጇን ብትዘረጋለት አጎንብሶ ሰላም አላት እንጂ እጆቹን ከጃኬቱ ኪስ አላወጣም።

«ከፅዮን ወንበር ተነስተህ ነበር?»

«ፍንክች አላልኩም። እንዲያውም ልንገርዎት፤ ዘጠኝ ሰዓት ከአስር ላይ ስክሪኑ ደርቆ ቆመ። አንድ ደቂቃ ያህል። ከዚያ ተመለሰ። ሰው ገመድ ነቀለ ብዬ ዝም አልኩ። ወንድሜ እየሞተ መሆኑን መች አወቅሁ!»

አለቀሰ። እንባው የእውነት እንባ ነበር፤ የሚያስጠላውም ይኸው ነው።

ይመኙሻል ስለ ስክሪን አልጠየቀችውም ነበር። ፅዮንን ይዛ ወደ ስዊቹ ክፍል ገባች። ወለሉ ላይ ያለው ደም ገና አልደረቀም። የሟቹ ኮምፒውተር አሁንም ከስዊቹ ጋር እንደተያያዘ ነው፤ ፅዮን መዝገቡን መስመር በመስመር እያነበበችላት እስኪመሽ ተቀመጡ።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉንም የጥሪው ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወለተሥላሴ ሌሊቱን በአገሯ ቋንቋ በኽምጣኛ ስታለቅስ አድራ ድምፅዋ ተዘግቷል። ምሳው ጓንጉል ላይ አፍጥጧል። ካሳ የእናታቸውን ትከሻ ደግፎ ቆሟል።

«ምንዋጋው የታነቀበት ገመድ ከስዊቹ ላይ የተነቀለው አንደኛው ገመድ ነው፤ የቢሮዎቹ» አለች ይመኙሻል። «ስዊቹ ገመድ ሲነቀልበት ሰዓቱን ይመዘግባል። ዘጠኝ ሰዓት ከአስር ይላል። የግድያው ደቂቃ ይህ ነው። ካሳም ስክሪኑ ያን ጊዜ መቆሙን ነግሮኛል። አይደል ካሳ?»

«አዎ።»

«ሰዓቱን ማንም አልነገረህም። መዝገቡ እንደሚያወጣው ስለምታውቅ ቀደምከኝ። ለአምስት ዓመት ገመድ በተነቀለ ቁጥር ሁሉም ሲቆም አይተሃል፤ ትናንትም ቆሟል ብለህ አሰብክ።» ወደ ሌሎቹ ዞረች። «ምንዋጋው አዲሱን ድራይቨር ቅዳሜ እጭነዋለሁ ብሎ ነበር። የጫነው ግን ትናንት ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ ካሳ ምሳ ሄዶ ሳለ። ይህም ተመዝግቧል።»

ሁለት ኮምፒውተሮች ጎን ለጎን አስቀምጣለች፤ አንዱ የቢሮ፣ አንዱ የፅዮን። ሁለቱም ከስዊቹ እየተቀበሉ ሰከንድ ይቆጥራሉ። በተነቀለው ገመድ ቦታ ሌላ ተሰክቷል። በመስኮቱ ብቅ ብላ ስዊቹ ክፍል ለቆመው ፖሊስ «ንቀለው!» አለች።

የቢሮው ቁጥር ቆመ። የፅዮን ግን መቁጠሩን ቀጠለ፤ አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት፣ አርባ ሦስት። ቁጥሩ መቶ ሲያልፍ ምሳው ዓይኑን ከጓንጉል አንስቶ ወደ ካሳ አዞረ።

«ትናንት ይህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ስክሪኑ ሲቆም ሊያይ አይችልም» አለች ይመኙሻል። «አልተቀመጥክበትም። እጆችህን አውጣ።»

ፖሊሱ ነው ያወጣለት። በሁለቱም መዳፎቹ ላይ የገመድ ስፋት ያላቸው ሰንበሮች በልዘው ተጋድመዋል።

«በታኅሣሥ መስመሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለ ካሳ። «ልጠግን ብዬ ገመዱን ስነቅል ስሰካ ሩብ ሰዓት ሙሉ አንቄው ነበር። ምንዋጋው ከመዝገቡ ደረሰበት። ‹ሰኞ ራስህ ተናገር፤ አለዚያ እኔ እናገራለሁ› አለኝ። የሟቿ ባል ደም ይፈልገኛል ብዬ ፈራሁ። መጀመሪያ የመታሁት ዝም እንዲል ነበር። ዝም አላለም፤ ስሜን ጠራ።»

ምሳው ከጓንጉል ፊት ሄዶ ተንበረከከና ግንባሩን እግሩ ላይ አሳረፈ። ጓንጉል እግሩን ሰበሰበ። ክንዱ ገና ደም ያዣል። ምሳው እንደተንበረከከ ወደ እናቱ ቀና አለ።

«እናቴ፣ አሁን የማንን ደም ልመልስ?»

ፖሊሶቹ ካሳን እያወጡት ነበር። ወለተሥላሴ በተዘጋ ድምፅዋ ኢንስፔክተሯን ጠራቻት።

«ልጄ፣ እስር ቤት ስንቅ የሚገባው በስንት ሰዓት ነው? ይህ ልጅ ከኔ ሌላ እናት የለውም።»