የስልሳ ስምንት ዓመቷ ሕፃን

እታገኝ የመጀመሪያው የወተት ጥርሷ የወለቀው በስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። በጨረቃ ላይ በተቆረቆረችው ንጋት ከተማ ይህ ማንንም አላስገረመም። ሰውነትን አቀዝቅዞ እርጅናን የሚያቆመው የበረዶ አልጋ ከተፈለሰፈ ወዲህ፣ ከጎረቤት አያቶች ቀድመው ተወልደው ገና ፊደል የሚቆጥሩ ልጆች ነበሩ።

የረድኤት ሥራ የተኙትን መቀስቀስ ነው። መንገድ ስታ ስትንሳፈፍ ከተገኘች አንዲት መንኮራኩር የወጡትን አልጋዎች አንድ በአንድ እያሞቀች፣ ጣቷን አንገታቸው ላይ አድርጋ የልብ ትርታቸውን ትጠብቅ ነበር። ከትልልቆቹ ማንም አልነቃም። ልጆቹ ግን ነቁ፤ እንደነቁም ወደ አሳዳጊ ተብለው ተወሰዱ። መጨረሻ ላይ የነቃችው እታገኝ የረድኤትን ጣት ጨብጣ አልለቅ አለች።

«እናቴስ?» ብላ ጠየቀቻት።

ረድኤት አልዋሸቻትም። ተቃቅፈው አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ ረድኤት ያለ ልጅቷ እህል አልወርድላት አለ፤ በጉዲፈቻ ልታሳድጋትም አመለከተች።

ሕጉ ዕድሜ ከሃያ አምስት በላይና ከስልሳ በታች መሆንን፣ ጤንነትን፣ ቋሚ ገቢን፣ ለልጅ የሚበቃ ቤትንና ከወንጀል ነጻ መሆንን ይጠይቃል። ረድኤት ተመረመረች፣ ከፖሊስ ማስረጃ አወጣች፣ ጠባቧን ክፍሏን ለቅቃ ሰፋ ያለ ቤት ተከራየች።

በቀጠሮው ቀን ዳኛ ሙሉወርቅ ተሰየሙ። ማስረጃውን ከሕጉ ጋር የሚያመሳክረው «መዝገብ አዋቂ» የተባለው የማሽን አእምሮ ነው።

«አመልካቿ ሁሉንም ያሟላሉ» አለ ማሽኑ። ረድኤት እፎይ አለች። «የጉዲፈቻ ልጅ ግን ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች መሆን አለበት። ወይዘሮ እታገኝ ስልሳ ስምንት ናቸው። ጡረታቸው ተፈቅዷል፤ ነገ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ይዛወራሉ።»

«እኔ?» አለች እታገኝ።

ረድኤት ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ክብርት ዳኛ፣ ይቺ ልጅ እኮ ጫማዋን እንኳ ማሰር አትችልም!»

ዳኛዋ በእጃቸው አረጋጓትና ወደ ማሽኑ ዞሩ። «ሕጉ አሥራ ስምንት ያለው ለምንድን ነው?»

«ከዚያ በታች ያለ ሰው ያለ አሳዳጊ ራሱን ማስተዳደር ስለማይችል ነው።»

«እንግዲያው ትችል እንደሆነ ራስህ ጠይቃት።»

«ወይዘሮ እታገኝ፣ ጡረታዎ በየትኛው ባንክ ይግባ?»

«ጡረታ ይበላል?»

ታዳሚው ሳቀ። እታገኝ የቀለዱባት መስሏት ረድኤት ጉያ ተሸሸገች።

«ሲፈሩስ ምን ያደርጋሉ?» አለ ማሽኑ።

«ረድኤትን እጠራታለሁ። ደግሞ ትመጣለች።»

መዝገብ አዋቂው ስሌቱን እንደገና መረመረ።

«ስህተቱ የኔ ነው» አለ በመጨረሻ። «የተኛችባቸውን ዓመታት እንደኖረችባቸው ቆጠርኩ። ክብርት ዳኛ፣ በዚሁ ስሌት ወደ አረጋውያን መኖሪያ የላክኋቸው ሌሎች ልጆችም አሉ።»

ረድኤት ክው አለች። በገዛ እጇ የቀሰቀሰቻቸው፣ አሳዳጊ አግኝተዋል ያለቻቸው ልጆች ናቸው!

ዳኛዋ ማሽኑን ወዲያው ከአረጋውያን መኖሪያው ጋር አገናኘኝ አሉት። በግድግዳው ማያ ላይ ሰፊ አዳራሽ ታየ። አንዲት ባልቴት የሕፃን ልጅ ፀጉር ትጎነጉናለች። አቶ ሽብሩ የሚባሉ ሽማግሌ አንድ ልጅ ትከሻቸው ላይ አውጥተው ይዞራሉ። ችሎቱን ሲያዩ ልጁን ቀስ ብለው አወረዱ፤ እጁን ግን አልለቀቁም።

«ክብርት ዳኛ፣ ስህተት መሆኑ ልጆቹ የመጡ ዕለት ነው የገባን» አሉ። «ብንናገር ይወስዱብናል ብለን ፈራን። እኔን ዕድሜህ አልፏል ብላችሁ በጉዲፈቻ ልጅ እንዳላሳድግ ከልክላችሁኛል። ይሄ ሲመጣ ታዲያ ማን ያጥበው? ማን ያስተኛው? ብቁ አይደለሁም ብዬ ፊቴን ላዙርበት?»

ዳኛዋ የልጆቹን ሞላ ያለ ጉንጭ ሲያዩ ቆዩ።

«ረድኤት የእታገኝ እናት ሆናለች፤ ይመዝገብ» አሉ። «ከዚያ መኖሪያ ደግሞ ማንም ልጅ እንዳይነሳ። የአቶ ሽብሩንና የጓደኞቻቸውን ጉዳይ ዛሬውኑ እሰማለሁ።»

ረድኤት ልጇን አቅፋ ደጋግማ ሳመቻት። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች።

«አንሄድም?» አለች እታገኝ።

«ትንሽ እንቆያለን። እኚያ አባት ምስክር ያስፈልጋቸዋል።»

«ጉዳይዎ ተዘግቷል» አላት መዝገብ አዋቂው። «እዚህ እንዲቆዩ የሚያስገድድዎ ሕግ የለም።»

«አውቃለሁ» አለች ረድኤት፤ እታገኝንም ጭኗ ላይ አድርጋ እስክትጠራ ትጠብቅ ጀመር።