የአገረ ገዢው ወንበሮች

ታላቁ ጦርነት ባበቃ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ ዝናቡ ሊያባራ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ከደጋው ወደ ቆላው ጠቅላይ ግዛት በሚያወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ አንድ የአርባ አንድ ዓመት ሰው ከባለቤቱ ጋር በእግሩ ይጓዝ ነበር፤ ሃያ ሦስት ዓመት በቅሎ ሲጭንና ሲያራግፍ የኖረው ይህ ሰው ስድስቱን በቅሎዎቹን ሸጦ፣ ከመሪዋ በቅሎ አንገት የፈታውን ቃጭል ብቻ በኪሱ ይዞ፣ የካሚዮን ነጂ ሊሆን መውረዱ ነበር። በትውልድ አገሩ ለካሚዮን የሚሆን መንገድ ገና አልተጠረገም፤ የቆላው ግዛት ደንብ ደግሞ የመንጃ ወረቀት የሚሰጠው በግዛቱ ቤት ይዞ ለተቀመጠና ሦስት ወር ተፈትኖ ላለፈ ሰው ብቻ ነበር፤ በሦስቱ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የተነቀፈ ሰው ይሰናበታል። አማቱ፣ ስመ ጥሩው የነጋዴ አለቃ፣ ሲሸኙት «ደጄ ክፍት ነው» ብቻ አሉት፤ ይህች ቃል ከስድብ ይልቅ ስትከነክነው ሰነበተች።

የተከራዩት ክፍል እሱ ከሚፈተንበት የካሚዮን ጋራዥ ጀርባ ነበር፤ መስኮቱ አንድ፣ በሩ ሲከፈት የሚያለቅስ፣ ግድግዳው የሞተር ዘይት ሽታ የጠጣ። ባለቤቱ ካመጡት አምስት ጓዝ አራቱን ፈታች፤ አምስተኛውን እንደታሰረ ከበሩ ኋላ አስቀመጠችው።

«ያንንስ ምነው ተውሽው?» አላት።

«እሱ የመመለሻችን ነው። ወረቀትህን ያገኘህ ዕለት እፈታዋለሁ።»

«ምን አለበት?»

«ደኅና ደኅናው ሁሉ። መጋረጃው፣ የሰርግ ቀሚሴ፣ የእናቴ መስታወት።»

«እንግዲያ እስከዚያ በምን አይቼ ልላጭ?»

«በካሚዮንህ መስታወት!»

እንዲህ እየተሳሳቁ ተቀመጡ፤ ሥራው ግን እንደ ሳቁ ቀላል አልሆነለትም። እጁና ዓይኑ ማሽኑን ቶሎ ለመዱት፤ ልቡ ግን በቅሎ ጫኝ እንደሆነ ቀረ። ቃጭሉን ከፊት አንጠለጠለው፤ ዳገት በደረሰ ቁጥር ወርዶ ጎማዎቹን በመዳፉ እየዳሰሰ «አይዞሽ» ይላል፤ ድልድይ ሲያገኝ ደግሞ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ሳይሻገርና ሳይመለስ ጭነት አያሳልፍም። ሌሎቹ ነጂዎች «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያሉ ሲተርቱበት ከርመው፣ ተረቱ ሲረዝምባቸው ጊዜ «እንቁላል» ብቻ ብለው ጠሩት። የጋራዡ አለቃ፣ ሰዓቱን ከኪሱ ሳያወጣ ሰው የማያናግር ሰው፣ ስለ መዘግየቱ ሁለት ጊዜ ነቀፈው።

የሦስተኛው ወር የመጨረሻ ቀን፣ ክቡር አገረ ገዢው ከወንዙ ማዶ አዲሱን መንገድ የሚመርቁበት ዕለት ሆኖ ዋለ። ለመኳንንቱ የሚሆኑ ስልሳ ወንበሮች የተጫኑት በእንቁላል ካሚዮን ላይ ነበር፤ ሦስት ጫኞች ከላይ ወጡ፤ አለቃውም እንዳይዘገይ ሊጠብቀው ከጎኑ ተሰየመ። ሌሊቱን ያለ ወቅቱ ሲዘንብ አድሮ ወንዙ ሞልቶ ነበር። ከእንጨቱ ድልድይ ሲደርሱ እንቁላል ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፤ ጫማውንም አወለቀ።

«ምን ልትሆን ነው?» አለ አለቃው።

«ድልድዩን ልጠይቀው ነው፣ ጌታዬ።»

መካከሉ ላይ ሲደርስ እንጨቱ ከእግሩ ሥር ተንቀጠቀጠ። ተመለሰና «መሐሉ ታሟል፤ ወንበሮቹን በትከሻችን እናሻግርና ካሚዮኑን ባዶውን እነዳዋለሁ» አለ።

«አብደሃል? ክቡርነታቸው እኮ በአራት ሰዓት ይቀመጣሉ!»

«ይቀመጡ፤ ድልድዩ ግን ክቡርነታቸውን አያውቅም።»

«በል ዘወር በል! ራሴ እነዳዋለሁ።»

በዚያ ዘመን ሞተር የሚነሳው ከፊት በሚዞር ብረት፣ በማኒቬላ ነበር፤ እሷ ደግሞ በእንቁላል እጅ ከወገቡ ኋላ ተደብቃለች። አለቃው ይህን ሲያይ ፊቱ ደም ለበሰ። «ይህ ሦስተኛው ነቀፌታህ ነው፤ ወረቀቱን እርሳው!»

እንቁላል ከበሩ ኋላ ያለው ጓዝ፣ የአማቱ ክፍት ደጅ፣ የተሸጡት በቅሎዎች ተራ በተራ መጡበት፤ ማኒቬላዋን ግን ጠበቅ አደረጋት። «ይሁን፣ ጌታዬ። ካባረሩኝ በእግሬ አገሬ እገባለሁ፤ ከዚህ ወንዝ ከገባን ግን አንዳችንም አንወጣም።»

ምን ያድርግ? አለቃው እየተራገመ ኮቱን አውልቆ ወንበር ተሸከመ። አምስት ሰዎች አራት ጊዜ ተመላለሱ፤ አለቃው ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያሸክም ኖሮ ያን ዕለት ራሱ ሲሸከም ጫኞቹ ሳቃቸውን መዋጥ አቃታቸው። ከዚያ ባዶው ካሚዮን ቃጭሉን እያንሿሿ፣ በዝግታ ተሻገረ፤ የኋላ ጎማው አፈር እንደነካ መካከለኛው ግንድ ጧ ብሎ ተሰበረና ግማሹ ድልድይ ከወንዙ ገባ።

አለቃው ከወንበሮቹ በአንዱ ላይ ዘፍ አለ። «ይህን ማን አስተማረህ?» አለ።

«በቅሎዎቼ። ሳያምኑ አይረግጡም ነበር።»

ከምረቃው ቦታ የደረሱት አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ገና ከሩቅ ሲታዩ የአገረ ገዢው ጸሐፊ ካባውን ሰብስቦ እየሮጠ መጣ።

«መልሱ! መልሱ! ወንበር ሲጠፋ ጊዜ፣ ክቡርነታቸው ለሕዝቡ ክብር ሲሉ መቀመጥ አልፈለጉም ብዬ አውጄያለሁ፤ ጋዜጠኛውም ጽፎታል። አሁን አንድ ወንበር ቢታይ አለቀልኝ!»

«ድልድዩም ተሰብሯል» አለ እንቁላል። «እሱ ተጠግኖ ካላለቀ አውቶሞቢላቸው አይመለስም።»

ጸሐፊው ትንሽ አሰበና እርሳሱን አወጣ።

እነሱም ካሚዮኑን ከአንድ ኮረብታ ኋላ ሰወሩት። አለቃው ለአገረ ገዢው የተመደበውን ባለ ቀይ ከፋይ ወንበር አውርዶ እንቁላልን በግድ አስቀመጠው፤ ራሱ ከጎኑ ቆሞ የመንጃ ወረቀቱን በካሚዮኑ አፍንጫ ላይ ፈረመለት። «ነቀፌታውን ፍቄዋለሁ» አለ፤ «ሰዓቴም ለካ ትቸኩላለች።»

የድልድዩ ጥገና ሦስት ቀን ፈጀ። የድልድዩን መሰበር ባለቤቱ ሰምታ ነበር፤ ካሚዮኑ ማዶ ይሁን ከውኃው ውስጥ የነገራት ግን አልነበረም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከጋራዡ በኩል ቃጭል ሰማች፤ የያዘችውን ድስት ጥላ ወጣች።

«ሦስት ቀን!» ብላ ደረቱን መታችው፤ ከዚያ አቀፈችውና አለቀሰች። ወረቀቱን ሲያሳያት አንብባ ሳትጨርስ ወደ በሩ ኋላ ሄደች። ቋጠሮው ስለጠበቀ በጥርሷ ፈታችው፤ የእናቷንም መስታወት ግድግዳው ላይ ሰቀለች።

«ና ተላጭ፤ በካሚዮን መስታወት ስትላጭ አንድ ጉንጭህን ረስተኸዋል።»

የዚያ ዘመን መዝገብ፣ ክቡር አገረ ገዢው ለሕዝባቸው ካላቸው አክብሮት የተነሳ ንግግራቸውን ቆመው እንዳደረጉ፣ በሕዝቡም ፍቅር ተይዘው ሦስት ቀን እንደሰነበቱ ይተርካል፤ ኋላም ይህን የሚያዘክር ድንጋይ ቆሞላቸዋል። እንቁላል ከዚያ በኋላ በዚያው ድንጋይ አጠገብ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተመላለሰ፤ ባለፈ ቁጥር ቃጭሉን አንድ ጊዜ ይነካ ነበር ይባላል። ታሪክ የቆሙትን መዘገበ፤ በዚያች አንድ መስኮት ባላት ክፍል ውስጥ አንዲት ሴት ጓዟን ፈትታ አገሬ ያለችበትን ጠዋት ግን የጻፈላት የለም።