ተንሸራቶ የመጣው በተን

ሰቃ ከተማ ያለው የቡና መፈልፈያ መካኒክ ዘለቀ፣ ረፋዱ ላይ አንድ ቁጥር ማሽን ውስጥ ገብቶ ሲጠግን ማሽኑ ተነሳበት። ፊርዶስ ከጅማ ተጠርታ ስትደርስ ሬሳው በሸራ ተሸፍኖ ነበር። ስክሪን ላይ በተን ሲጫኑ ማሽኖቹን ከኮምፒውተር የሚያስነሳውን ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናት።

ኢንስፔክተር ገላና ከሟቹ ኪስ ያገኛቸውን ሁለት ነገሮች መቆጣጠሪያው ክፍል ጠረጴዛ ላይ አኖረ፤ የአንድ ቁጥር ማሽንን ቁልፍና የፍርድ ቤት መጥሪያ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ወደሚሠራው ሠራተኛ ዞረ።

«አብራር፣ ማውሱን የያዝከው አንተ ነህ። ምን ሆነ?»

«ሥራ አስኪያጁ ደውለው ‹ሁለት ቁጥርን አሁን አስነሳ› አሉኝ። ልጫን ስል ሌላ በተን ከጎን ተንሸራቶ መጥቶ ቦታውን ያዘ። ወላሂ፣ አንድ ቁጥር ስክሪኑ ላይ አልነበረም!»

«ቅዠት ነው» አሉ ሥራ አስኪያጁ ሙሐመድሳኒ። «እኔ ቢሮዬ ነበርኩ።»

«ለአንድ ቁጥር ካሉት ሁለት ቁልፎች ሌላውስ ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ። ከወገቤ ወርዶ አያውቅም።»

ገላና ወደ ፊርዶስ ዞረ። «በተኑ ከየት ይመጣል?»

«ፕሮግራሙ የሚፈጥረው የማሽኑ ቁልፍ ሲዞር ነው። ቁልፉ ከወጣ በተኑም ይጠፋል። አዲሱ እየተንሸራተተ ገብቶ ሌሎቹን ወደ ታች ይገፋል። እንዲያምር ብዬ ነበር...»

እስር ቤቱ ታያት። ብትደብቀውስ?

«ስህተት አለበት» አለች። «ገና እየተንሸራተተ እያለም ከተጫኑት ይሠራል። ቦታው ሳይረጋ እንዳይታዘዝ ማድረግ ነበረብኝ።»

«ይህን ለማን ነገርሽ?»

«ባለፈው ሳምንት... ለሥራ አስኪያጁ። ‹ቆይተሽ ታስተካክይዋለሽ› አሉኝ።»

«ራሷን ለማዳን ነው!» ጮኹ ሙሐመድሳኒ።

ገላና ሠራተኞቹን ሁሉ ሰበሰበ። የሞተሩን መብራት አስቆርጦ፣ አብራርን ማውሱን ሁለት ቁጥር ላይ አስያዘው። ታች ማሽኑ ጋ ያለው ፖሊስ የዘለቀን ቁልፍ ሲያዞር የአንድ ቁጥር በተን ተንሸራቶ መጣና ከማውሱ ሥር ገባ።

«አብራር አልዋሸም» አለ ገላና። «በተኑ ከመጣ፣ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ቁልፍ ያዞረ ሰው አለ። የዘለቀ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነበር። የቀረው የእርስዎ ነው፤ ከወገብዎ እንደማይወርድ ነግረውኛል። በአንድ እጅዎ ስልክ፣ በሌላው ቁልፍ ይዘው፣ ‹አስነሳ› እንዳሉት ቁልፉን አዞሩ።»

«ለምን ብዬ?»

«አንዲት ሠራተኛ እዚህ እጇን ያጣችው እርስዎ የማሽኑን መከለያ ስላስወለቁ መሆኑን ዘለቀ ሰኞ ሊመሰክር ነበር። መጥሪያው ይኸው።»

ፖሊሱ ሙሐመድሳኒን በካቴና አስሮ ወሰዳቸው።

«እኔስ?» አለች ፊርዶስ።

«አንቺ ለእሳቸው ነግረሻል» አላት ገላና ቀስ ብሎ። «ለአብራር ግን አልነገርሽውም።»

አብራር ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ጣቱን እያየ ተቀምጧል። ፊርዶስ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።