ሁለት ኪሎ ለጋ ቅቤ

ይህን የምጽፍላችሁ ላስደነግጣችሁ ብዬ አይደለም። በእውነት የሆነ ነገር ነው። ሁዳን አፍንጮ በር ያለ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ እኔ ደግሞ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቷ ነኝ። ስሟን የጠቀስኩትም ራሷ «ጻፈው፣ ሰው ይወቀው» ስላለችኝ ነው።

እየበላችሁ የምታነቡ ካላችሁ ግን... ሳህኑን ገፋ አድርጉት።

ሌሊትና መቃብር ምናምን አትጠብቁ። ማክሰኞ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ፒያሳ። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ አራት ቀን ቀደም ብሎ ነው። የሁዳ ታናሽ እህት ኢክላስ ወልዳ ተኝታለች። እናታቸው በሕይወት ስለሌሉ አራሷን መንከባከቡ በሁዳ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ገንፎው ቅቤ ይፈልጋል፤ የአራሷም ራስ ቅቤ ይፈልጋል። ድሮ ቢሆን ምን ችግር አለ፣ ዶሮ ማነቂያ ዙህራ የምትባል የቅቤ ደንበኛ ነበረቻቸው። ሰፈሩ ሲፈርስ ዙህራም የት እንደገባች ሳይታወቅ ቀረች።

ሁዳ ከቴሌግራም ገዛች።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። እንደ ሁዳ ያለ የጉራጌ ልጅ ሳያሸት፣ ሳይቀምስ፣ እጁ ጀርባ ላይ ቀባ አድርጎ ሳያይ ቅቤ አይገዛም። ስልክ ደግሞ አይሸተትም። «ለጋ ቅቤ፣ ሁለት ኪሎ፣ ቤትዎ ድረስ» ይላል ማስታወቂያው፤ ፎቶው ያምራል። ከፈለች። አንድ ነጭ ባልዲ ከነደረሰኙ በሞተር መጣላት።

ሽታ አልነበረውም... ምንም።

«ለጋ ስለሆነ ነው» ብላ የኢክላስን አናት ቀባችና ሻሽ አሰረችላት።

በማግስቱ ጠዋት ባልዲውን ከፍሪጅ ስታወጣው ሞቆ ነበር።

ፍሪጁ ይሠራል። አጠገቡ ያለው ወተት ቀዝቅዟል። ቅቤው ግን ሰው ተቀምጦበት የተነሳ ወንበር ያህል ሞቋል። ክዳኑን ከፈተች። አሁን ሽታ መጥቶለታል፤ የቅቤ ግን አይደለም። ለወር ያልታጠበ የሰው ራስ ሽታ ነው።

መሃሉ ላይ አንድ ሽበት አየች። በሁለት ጣቷ ይዛ ሳበችው። መጣ... አሁንም መጣ... ክንድ አከለ። ጫፉ ላይ ጥፍር የምታህል እርጥብ የራስ ቆዳ ተንጠልጥላለች።

ይሄን ስትነግረኝ ሻዬን አስቀመጥኩት። እስካሁንም ቅቤ ያለበት ወጥ አልነካም።

ሁዳ ሮጣ የእህቷን ራስ በሳሙና አጠበች። ሦስት ጊዜ። ቅባቱ አልለቀቀም፤ ባጠበችው ቁጥር ከሥር እንደገና ይወጣል።

«ኢክላስ... ያቃጥልሻል?»

«ኧረ ደስ ይላል። ጨምሪልኝ።»

«ምኑን?»

«ቅቤውን... ሁዲዬ፣ በአላህ ጨምሪልኝ።»

ዓይኗን ጨፍናለች። ሕፃኑ ጎኗ ላይ ሲያለቅስ አልሰማችውም።

ሁዳ ባልዲውን ወስዳ መንገድ ዳር ያለው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣለችው። ከሰዓት በኋላ ፍሪጁን ስትከፍት ባልዲው ቦታው ላይ ተቀምጧል። ወደ መኝታ ቤት ሮጠች። ከአልጋ የማትነሳው አራስ ተኝታለች። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በገንዳው ጭቃ ተለውሷል፤ ከንፈሯም ወዝቷል።

ከዚያ በኋላ ሁዳ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ያ ቆሻሻ እህቷንና ሕፃኑን ለቆ ወደመጣበት እንዲሄድ። አራት ኪሎ ጠበቃ ቢሮ ጸሐፊ ናት፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ውልና ክስ ስትተይብ ኖራለች። ነገር የሚያልቀው በሕግ ሲያልቅ ነው ብላ ታምናለች። ለሻጩ ጻፈች።

«የሸጣችሁልኝ ቅቤ ባዕድ ነገር አለበት። በሸማች መብቴ ዕቃውን መልሼ ገንዘቤን እፈልጋለሁ።»

መልሱ ወዲያው መጣ። «ለምግብ ነው ወይስ ለራስ?»

«ምን አገባችሁ?»

«ራስ ላይ ከዋለ ገንዘቡን እንልካለን። ዕቃውን አንቀበልም።»

ስልኳን ሳታስቀምጥ ገንዘቡ ገባ። እዚህ አገር ገንዘብ እንዲህ ቶሎ ሲመለስ ያየ ካለ ይንገረኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ይጠረጥር ነበር። ሁዳ ግን ተናደደች። የርክክብ ወረቀት ራሷ ተየበች፣ ባልዲውን በፌስታል አሰረችና ያን ማክሰኞ በስምንት ሰዓት ደረሰኙ ላይ ወዳለው አድራሻ ሄደች። ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ግራና ቀኙ ፈርሶ ብቻውን የቀረ አሮጌ ሕንፃ። ደረጃው እግሯ ላይ ይጣበቃል። የእጅ መደገፊያውን ነካችና ወዲያው ለቀቀችው፤ ወዝቷል።

ክፍሉ ውስጥ ነጭ ባልዲዎች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ላይ የሴት ስም ተጽፎበታል። ሽታው ጉሮሮ ውስጥ ይገባል። ነጭ ጋዋን የለበሱ፣ የሱፍ ኮፍያ ያጠለቁ ሽማግሌ ሚዛን አጠገብ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ቅቤ ልመልስ ነው።»

«ገንዘብሽ ደርሶሻል አይደል?» በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት።

«ደርሶኛል። ዕቃውን ይቀበሉኝ።»

«ይቅርብሽ፣ ልጄ።»

«ጉድለት ያለበትን ዕቃ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ መመለስ መብቴ ነው።»

«መብትሽማ ነው...» አሉ። «እኔ ይቅርብሽ ነው ያልኩሽ።»

«ይቀበሉኝ!»

ሽማግሌው ተነፈሱና ባልዲውን ሚዛን ላይ አወጡት።

«ምን ያህል ቀባሻት?»

«ሩብ ኪሎ ያህል።»

መርፌው ሁለት ኪሎን አልፎ ሄደ። ክዳኑን ሲያነሱት ባልዲው አፉ ድረስ ሞልቶ መሃሉ ጉብ ብሏል። ሽማግሌው እጃቸውን እስከ አንጓቸው ነክረው ጭብጥ ሙሉ ዘግነው ዘረጉላት። ቢጫው ውስጥ ቀጫጭን ቀይ ክሮች አሉ። በጣቶቻቸው መሃል ይንጠባጠባል።

«ይሄ ከሸጥኩልሽ በላይ ነው። ትርፉ የእሷ ነው። ውሰጂና መልሺላት።»

ሁዳ አፏን በሻርፗ ያዘች።

«እኔ ያልገዛሁትን አልወስድም! ሁሉም የእርስዎ ነው። ይፈርሙልኝ!»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሽማግሌው ቀስ ብለው አነበቡት። «ዕቃውን ከነሙሉ ይዘቱ አስረክቤያለሁ። ወደፊት በዚህ ምክንያት ምንም ጥያቄ አላነሳም።»

«አንቺው ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔው።»

«አሳስቤሻለሁ እንግዲህ...» ብለው ፈረሙ። እሷም ፈረመች። ሽማግሌው ብዕር አንስተው ባልዲው ላይ መጻፍ ጀመሩ። ስሙን ሳይጠይቋት... «ኢክላስ» ብለው ጻፉ።

ሁዳ ይህን አይታለች። አይታ ወጣች። ግድግዳ ተደግፋ አስመለሰች፣ አፏን በውሃ ተጉመጠመጠች፣ ታክሲ ያዘች። ተገላገልኩ ብላ ነበር።

ቤት ስትደርስ ኢክላስ ቁጭ ብላ ልጇን ታጠባለች። ፊቷ ተፈትቷል። ሽታው ጠፍቷል።

«ራሴን ቀለለኝ» አለቻት።

ሁዳ ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች። አጠገቧ ተቀመጠችና ፀጉሯን ልትሠራላት ሻሿን ፈታች። ፀጉሯ ደርቋል፣ ንጹሕ ነው። በጣቶቿ እየፈታች ወደ መሃል አናቷ ስትደርስ... አጥንት አጣች።

ቆዳው ለስላሳ ነው። ይርገበገባል። ጣቷ ሰመጠ።

ኢክላስ ጡቷ ላይ ያለውን ሕፃን ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ በጨዋ ድምፅ ጠየቀች።

«ይሄ ልጅ የማን ነው?»

የሁዳ ጣት ከሰመጠበት ከቆዳው ሥር አንድ ሞቃት፣ ሻካራ ነገር... ቀስ ብሎ ጣቷን ይልስ ጀመር።