የቤተሰብ ጉዳይ

«መብት ማንም የሚሰጥሽ ነገር አይደለም» አለ ወንድሟ እግሩን ጠረጴዛው ላይ እንደሰቀለ። «ሰው ሆነሽ በመወለድሽ ብቻ ያለሽ ነው። ሕግ ሳይጻፍም ነበረ። መንግሥት እውቅና ይሰጠዋል እንጂ አይፈጥረውም። ይቺን በቃልሽ ያዢ፤ ዳኞቹ ይወዷታል።»

የሕግ ተማሪ ነው፤ ቤት ውስጥ «ጠበቃው» መባል ከጀመረ ቆይቷል። ለእረፍት ከመጣ ወዲህ እህቱን ለትምህርት ቤት የክርክር ውድድር እያዘጋጃት ነው። እሷንም «ነገረኛዋ» የሚሏት በከንቱ አይደለም፤ ማሸነፍ ትወዳለች።

የአክስታቸው ልጅ ከጓዳ ወጥታ ሻዩን ከጠበቃው እግር አጠገብ አስቀመጠችና ተመለሰች። የነገረኛዋ እኩያ ናት። «ትማራለች» ተብላ ከገጠር መጥታ እስካሁን የተማረችው የእነሱን ቤት ሥራ ነው። ትናንት እንደምንም ደፍራ የከሰዓቱ ትምህርት ምዝገባ ነገ እንደሚያበቃ ተናግራ ነበር። የነገረኛዋ እናት ግን ቤቱን ማን ሊይዘው ነው ብላ ነገሩን ዘጋችው።

«ማንም የማይሰጠው ከሆነ» አለች ነገረኛዋ፣ «እሷ ታዲያ እማዬን ምን ብላ ትለምናለች?»

ጠበቃው ሳቀ። «እሱ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። እኔ የማወራሽ ስለ ዓለም አቀፍ ሕግ ነው።»

ከዚያ የባሰውን አመጣው። ልጅቷ እዚህ ደስተኛ እንደሆነች፣ እዚያው ብትቀር ምን ይውጣት እንደነበር፣ ሁሉም በጊዜው እንደሚሆን ሻዩን እያማሰለ አብራራ። ለሰው ልጅ ሁሉ ክብር አንገቱን ይሰጣል፤ የጠጣበትን ብርጭቆ ግን አያነሳም። ነገረኛዋ ናቀችው። ወዲያው የራሷን ባዶ ብርጭቆ አየችና ንቀቱ ወደ ራሷ ዞረ። እሷስ መቼ አንስታ ታውቃለች?

ትምህርት ቤት ያለው የክርክር ልምምድ ከሰዓት ነው። የአክስቷ ልጅ ትምህርትም ከሰዓት ነው።

ተነስታ መኝታ ቤት ልብስ ወደምታጥፈው እናቷ ገባች። «እማዬ፣ ከሰዓት ከሰዓት ቤቱን እኔ እይዛለሁ። እሷ ትመዝገብ።»

«ክርክርሽስ?»

«ይቅርብኝ።»

እናቷ ቀና ብላ አየቻት። «ሲሰለችሽ ትተዪውና እሷን ከትምህርቷ ታስቀሪያታለሽ። ይግባሽ።»

«ገብቶኛል።»

እናቷ ቀሚሱን አጥፋ ጨረሰች። «በይ ነገ ይዘሻት ሂጂ።»

ጠበቃው ከሳሎን ተጣራ፤ ገና መግቢያውን ነው የጨረስነው፣ ወዴት ጠፋሽ አለ። ነገረኛዋ ጓዳ ገባች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ የሳህኑን ክምር አየችና ዞር ዞር አለች።

«ሳሙናው» ብላ የአክስቷን ልጅ ጠየቀቻት፣ «የት ነው የሚቀመጠው?»