በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለችው ጊታር

ሙሉቀን ከአዲስ አበባ በሚመጣበት ቀን ትርንጎ ሸዋ ሮቢት ያለውን ጁስ ቤቷን ከወትሮው ቀደም ብላ ከፈተች። ማንጎውን ልጣ፣ ብርጭቆውን አጥባ፣ ወንበሮቹን ደጋግማ ወልውላ ስትጨርስ የደሴ መኪኖች ገና ለምሳ አልቆሙም ነበር። ከጎኗ ሽንኩርት የሚሸጡት ጋሼ ቃሲም እንዲህ ያለውን ነገር ዝም ብለው የሚያልፉ ሰው አይደሉም።

«ለማን ነው ይሄ ሁሉ ሽር ጉድ?»

«ለደንበኛ ነዋ፣ ጋሼ።»

«አዎ፣ ጊታር ለተሸከመ ደንበኛ!» ብለው ሳቁባት።

ትርንጎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን ርካሽ የኮምፖርሳቶ ጊታር ቀና ብላ አየች። ሙሉቀን ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ጥሏት የሄደው እሷ ዘንድ ነው።

«ደህናውን እስክገዛ ጠብቂልኝ» ብሏት ነበር። «ደህና ጊታር ይዤ፣ ባንድ ገብቼ፣ ያኔ ነው ሽማግሌ የምልከው። በዚህች እያንኳኳሁማ ምን ብዬ አባትሽ ፊት እቆማለሁ?»

እሺ አለችው፤ ጠበቀችም። አንዳንዴ ግን ከጊታሯ ጋር አብራ የተሰቀለች ይመስላት ነበር። የተሻለ እስኪገኝ ድረስ።

ከቀዝቃዛው ጣርማ በር ቁልቁል የመጣ ሰው ሁሉ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጃኬቱን ክንዱ ላይ ነው የሚያደርገው። ሙሉቀን ጃኬቱን ለአዲሷ ጊታር አልብሶ መጣ። ከስቷል። በሩ ላይ ቆመው ተያዩ።

«ሞቀህ?» አለችው በመጨረሻ።

«ረስቼው ነበር ሙቀቱን። ሌላውን ግን አልረሳሁም» አላት።

አንገቷን ደፋች።

ትንሽ ካረፈ በኋላ ሁለቱንም ጊታሮች ቃኝቶ «ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙሪና ስሚኝ» አላት። «ሰኞ አንድ የሙዚቃ ባንድ ይፈትነኛል። ባለሱቁ አዲሷን ትልቅ ስም አላት ብሎ ነው የሸጠልኝ። ስም ብቻውን አይዘፍንም። ያጠራቀምኩትን ሁሉ አፍስሼባታለሁና ዋጋዋን የምታወጣ ከሆነ እውነቱን ንገሪኝ። ካልሆነች መልሼ ሸጬያት እዚሁ እቀራለሁ።»

ዞረች። መጀመሪያ የመጣው የምታውቀው ድምፅ ነበር፤ ደረቅ ያለ፣ ቶሎ የሚጠፋ። ቀጥሎ ሁለተኛዋ መጣች። ያው ጣት፣ ያው ዜማ ነው፣ ድምፁ ግን ክሩ ከተመታ በኋላም ቤቱ ውስጥ ይቆያል። ትርንጎ እንባዋ መጣ። ‹ልዩነት የላቸውም› የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ያን ብትል ይቀርላታል።

«ሁለተኛዋ ትበልጣለች» አለች። «በጣም ትበልጣለች።»

«እውነትሽን ነው?»

«ዋሽቼ ላስቀርህ?»

ፊቱ በደስታ ሲፈካ አየችና ከፋት።

ከሰዓት በኋላ እናቱን ሊጠይቅ ወደ ቀወት ገጠር ሲሄድ አዲሷን ጊታር አደራ ሰጣት። «ባጃጁ ያንገጫግጫታል። ነገ እመለሳለሁ። ድርቀት እንዳያገኛት ብሎኛል ባለሱቁ፣ ጠላቷ ድርቀት ነው አለኝ።»

ድርቀት! በዚያ አገር፣ በዚያ ሐሩር! ትርንጎ ተጨነቀች። የመጠጥ ውሃ ጀሪካን በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ጥላ ሥር ሲቀመጥ ነው ያደገችው፤ ከሙቀት የሚያድን ሌላ መላ አታውቅም። ጊታሯን ከነጨርቅ ቦርሳዋ በእርጥብ ጆንያ ጠቀለለቻት። ጆንያው በደረቀ ቁጥር ውሃ አርከፈከፈችበት።

«ማሻአላህ» አሉ ጋሼ ቃሲም። «ለባልም እንዲህ አይደረግ!»

በማግስቱ ሙሉቀን ቦርሳውን ሲከፍት ክሮቹን የሚይዘው እንጨት ተላቆ ወደቀ። የጊታሯ ሆድ አብጧል፤ ማጣበቂያው ለቋል።

«ምን አደረግሽብኝ?»

«ድርቀት አትወድም ስትለኝ… እንደ ውሃው ጀሪካን…»

ጆንያውን አየ። ከዚያ እሷን አየ። «ሆን ብለሽ ነው? እንዳልሄድ?»

በሩ ላይ ቆመው የነበሩት ጋሼ ቃሲም ይሄን ሰምተው ቀስ ብለው ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ።

«ሆን ብዬ ቢሆንማ ትናንት አንዲት ቃል ትበቃኝ ነበር» አለች። «ግን አልዋሽህም፣ ሙሌ። ስትጫወታት ጠልቻታለሁ። ምነው በተሰበረች ብያለሁ። በእጄ ግን አልጎዳትም። ያንተ ናትና እንደ ዓይኔ ነው የጠበቅኳት።»

ሙሉቀን ወንበር ስቦ ተቀመጠና ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅስ መሰላት። ጠጋ ስትል እየሳቀ ነው።

«ጀሪካን!» አለ። «ስንት የለፋሁባትን፣ እንደ ጀሪካን!» ዓይኑ ግን እርጥብ ነበር። እጇን ያዘ። «ተጠራጠርኩሽ፤ ይቅር በይኝ።»

እሑድ ጠዋት የኮምፖርሳቶዋን ጊታር ከግድግዳው አወረደና አቧራዋን ጠረገ።

«በዚህች ልትፈተን?»

«ድምጿ ያቺን አያህልም፣ ሰምተሻል። እጄ ግን ያውቃታል። ፈተናውን ባልፍም ባላልፍም ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ። በጊታር እያሳበብኩ ብዙ አስጠበቅኩሽ።»

ትርንጎ መናኸሪያው ድረስ ሸኘችው፤ ያበጠችውን ጊታር በሁለት እጇ ታቅፋ ነበር።

«ይህችንስ ውሰዳት። አዲስ አበባ የሚጠግናት አይጠፋም።»

«አንቺ ጋ ትቆይ።»

ዛሬም ጠባቂ ልትሆን ነው። «ኋላ ለጊታርህ ብለህ እንዳትመጣ!» አለችው።

ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ሙሉቀን የመኪናው ደረጃ ላይ እንደቆመ ዞር አለ።

«ለጊታሯ ቢሆንማ ይዣት እሄድ ነበር።»

መኪናው ወደ ጣርማ በር አቅጣጫ ሄደ። ትርንጎ ተመልሳ ጊታሯን አሮጌው ሚስማር ላይ ሰቀለቻት፤ ጀሪካኑንም ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ውሃ እንዳታጠጫት!» አሉ ጋሼ ቃሲም ከውጭ።

ሳቀች። ዓይኗ ግን መንገዱ ላይ ነበር፤ ፋሲካ ገና ሩቅ ነው።