የገላ ጸጉር

ቪብከ በወረቀት የደረሳትን ቃል ጮክ ብላ ስታነብ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። «ኮርፐርሃር» ይላል፤ የገላ ጸጉር ማለት ነው። የጀርመንኛ አስተማሪዋ ወይዘሮ ሆለንካምፕ ተማሪዎቹ የራሳቸውን ስም ሳይጠቅሱ አንዳቸው ለሌላው ጥምር ቃል መርጠው በወረቀት እንዲጽፉ አዝዘው ነበር። የተመረጠለት ሰው የቃሉን ምንጭ አጥንቶ ያቀርባል።

ቪብከን ያንገበገባት ሳቁ አይደለም። የእጅ ጽሑፉን ታውቀዋለች። ያቺ ጅራቷ የተቆለመመ የጀርመንኛ «ካ» ፊደል ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አጠገቧ የምትቀመጠው የዮሪንደ ናት። የክንዷ ጥቁር ጸጉር እንደሚያሳፍራትና በወንድሟ ምላጭ ተደብቃ እንደምትላጨው የነገረችው ደግሞ ለዮሪንደ ብቻ ነው።

በእረፍት ሰዓት ጠየቀቻት። ዮሪንደ ዓይኗን በጨው ታጥባ ካደች። ኋላ ከሚቀመጡት ወንዶች አንዱ ይሆናል አለች።

ወይዘሮ ሆለንካምፕ ነገሩ ገብቷቸው ቃሉን ልቀይርልሽ ቢሏትም ቪብከ እምቢ አለች። ከትምህርት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ገብታ ወፍራሙን መዝገበ ቃላት ሊቀደድ እስኪደርስ እየገለበጠች ፈለገች። ቤቱ እስኪዘጋ አልተነሳችም።

ሐሙስ ዕለት ሰሌዳው ፊት ቆመች። ገላ ማለት የሆነው «ኮርፐር» ከላቲን የተወሰደ መሆኑን ተናገረች። ከሱ በፊት የነበረው «ላይብ» ነው፤ እሱም ሕይወት ከሚለው የጀርመንኛ ቃል ጋር ይዛመዳል። እንግዳው መጥቶ ቦታውን ወሰደበት።

«‹ሃር› ግን የትም አልሄደም» አለች። «ጸጉሩ ከጥንትም የራሳችን ነው። በውሰት የመጣው ገላው ነው። ስድብ ደግሞ ቃሉ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ስድቡን የጨመረችበት የጻፈችው ልጅ ናት።»

ማንም አልሳቀም። ዮሪንደ አንገቷን ደፍታ የጠረጴዛዋን ጠርዝ በጥፍሯ ትፍቃለች።

ከትምህርት በኋላ ዮሪንደ ብስክሌት ማቆሚያው ጋ ሮጣ ደረሰችባት።

«ቀልድ እኮ ነው፣ ቪቢ። አንቺ ደግሞ ታካብጃለሽ።»

«አልጻፍኩም ብለሽኝ ነበር።»

«ትናደጃለሽ ብዬ ነዋ።»

«ተናድጃለሁ» አለች ቪብከ። «ገና አልበረደልኝም።»

ዮሪንደ ብስክሌቷን ሁልጊዜ አብረው ወደሚያልፉበት ድልድይ አዙራ፣ አንድ እግሯን መሬት ላይ አድርጋ ጠበቀቻት። ቪብከ የብስክሌቷን ቁልፍ ፈታች፤ የቦርሳዋን ማንገቻ አጠበቀች። ከዚያ ረጅሙን የቦይ ዳር መንገድ ይዛ ብቻዋን ነዳች።